ኩፖን ይዘው ስለሚመጡ ጥናቶች እህቶቻችንን ምን እንበላቸው? የእስያውን ልምድ የሚያውቅ ካለ

ሲስተር ሽምብጥ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ማታ ማታ ከአቻ አስተማሪዎች ጋር ሆነን ከአባይ ማዶ እስከ መናኸሪያው ዙሪያ ባሉት አረቄ ቤቶችና ግሮሰሪዎች እንዞራለን፤ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ እህቶችን እናገኛለን፣ ኮንዶም እንሰጣለን፣ ለምርመራ እናመጣለን። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ እግሬን ግን ጨርሶታል።

ሰሞኑን ስልጠና ላይ ተቀምጠን አሰልጣኙ ስላይዱን ከፍቶ ታይላንድ፣ ሕንድ፣ ካምቦዲያ እያለ ነጎደ። ቁጥር በቁጥር ላይ። እስያ ውስጥ ተጋላጭ የሚባሉ ሰዎችን እንዴት በየጊዜው እየመረመሩ በሽታውን እንደሚከታተሉ ነበር ነገሩ። ሻይ ሰዓት ደረሰና ጥያቄዬ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። በዚህ ዓይነት ጥናት ለሴቶቹ ኩፖን ይሰጣል፣ ጓደኞቻችሁን አምጡ ይባላል፣ ለመጣችውም ላመጣችውም የትራንስፖርት ይከፈላል። አንዷ ጎበዝ ልጅ፣ የጎጃም ምላስ ያላት፣ «ሲስተር፣ ጓደኛዬ እኮ በኩፖን ሸጠችኝ» አለችኝ። ሳቅን፣ ግን መልስ አልነበረኝም። ለምን እነሱ ብቻ ይመረመራሉ? ኩፖኑስ ለምንድን ነው? ደሙ የት ይገባል? ደግሞ ኤች አይ ቪ ሊያዩ መጥተው ቂጥኝና ጨብጥ ለምን ይጨምራሉ? ስላይድ ሳይሆን በሰው አማርኛ የሚያስረዳኝ ብታገኙልኝ ትጸድቃላችሁ።

ያረጀ ማይክሮስኮፕ፦

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ጡረተኛ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቂጥኝ ስመረምር ነው። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከደም ቱቦው በኩል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሪ።

«ለምን እነሱ ብቻ» ለሚለው ታይላንድን አይተሽ መልሱን ታገኚዋለሽ። እዚያ የመጀመሪያው የኤድስ ሕመምተኛ የታወቀው በ1984 ነው። ለጥቂት ዓመታት ጸጥ ያለ መሰለ። በ1988 ባንኮክ ውስጥ ሄሮይን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ዘንድ ዓመቱ ሲጀምር ከመቶ አንድ ገደማ የነበረው፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከመቶ 30 አለፈ። በወራት ውስጥ ማለቴ ነው! ይኼ የታወቀው ሱስ ማስለቀቂያ ክሊኒኮች ደም ይመረምሩ ስለነበር ብቻ ነው። ሆስፒታል የሚመጣ በሽተኛ ቢጠብቁ ኖሮ ስምንት ዓመት አስር ዓመት ይፈጅባቸው ነበር፤ ኤች አይ ቪ ሰው ሳያሳምም ብዙ ይቆያልና።

ከዚያ በሰኔ 1989 በ14 ክፍለ ሀገሮች የቅኝት ጣቢያዎች ከፈቱ። በየጊዜው፣ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ዓይነት ሰው መመርመር ማለት ነው። ቺያንግ ማይ ላይ በዚያው በመጀመሪያው ዙር፣ በወሲብ ንግድ ቤቶች ውስጥ ከሚሠሩ ሴቶች ከመቶ 44ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ይኼ ቁጥር ነው መንግሥቱን ከአልጋው ያስነሳው።

ግን ልብ በይ፤ ሴቶቹን ብቻ አልመረመሩም። ወታደር ምልምሎችንም መርምረዋል፣ እኔ እንዲያውም የምወደው ይኼንን ነው። ታይላንድ ውስጥ ወንድ ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የወጣበት ይዘምታል። ዕጣ ስለሆነ አገሩን በደንብ ይወክላል፣ ገና ወጣቶች ስለሆኑም የተያዘው በቅርብ ዓመታት ነው የተያዘው። በ1993 በአገር ደረጃ ከመቶ 4 ገደማ ደረሰ፤ በሰሜኑ ክፍል ከ10 በላይ ነበር። ስለዚህ ያቺ ልጅ «ለምን እኛ ብቻ» ስትልሽ፣ ደንበኞቹም ተቆጥረዋል በያት። ማን ከማን እንደያዘ ለመፍረድ አይደለም፤ በሽታው ከየት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከሁለቱም ወገን ካላየሽ አይታወቅም።

ስለ ኩፖኑ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢመልስ ይሻላል። እኔ ከቱቦ ውጭ ብዙም አልታመንም።

ማን ነው ቆጣሪው፦

ጋሼ ማይክሮስኮፕ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቆጠሩ፣ መረመሩ፣ ከዚያስ? ታይላንድ ሲነሳ ሁሌ እንደ ገድል ነው የሚተረከው። ፖሊስ እንደነበረበት ለምን አይነገርም?

እኔ የማኅበረሰብ ጤና ተማሪ ነኝ፣ ፔዳ ግቢ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ነገር ጥቂት አንብቤአለሁ። «መቶ በመቶ ኮንዶም» የሚባለው አሠራር በ1989 ራቻቡሪ በሚባል ክፍለ ሀገር ተጀምሮ በ1991 አገራዊ ሆነ። ሕጉ ቀላል ነው፦ የትኛውም ቤት ያለ ኮንዶም አያስተናግድም፤ ደንበኛ እምቢ ቢል ሌላ ቤት ሄዶም አያገኝም። አንድ ወንድ ጨብጥ ይዞት መንግሥት ክሊኒክ ሲመጣ የት ቤት እንደነበር ይጠየቃል፣ ከዚያ ቤቱ ይጎበኛል፤ የማይታዘዝ ቤት ይዘጋል። ይሠራል? ሠርቷል። በወሲብ ንግድ ውስጥ ኮንዶም መጠቀም በ1989 ከመቶ 14 ገደማ ነበር፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከ90 አለፈ። ግን ሴቶቹ ምን ያህል ተጠይቀው ነው? ለቤቱ ባለቤትና ለፖሊስ አዛዡ ነው ስብሰባው የተደረገው።

ሲስተር ሽምብጥ፦

ወንድሜ፣ አንተም ልክ ነህ ጋሼም ልክ ናቸው። እኛ ጋ እንኳ ፖሊስ በገባበት ሰሞን እኮ ማንም በር አይከፍትልንም። እኔ የምፈራው ይኼንኑ ነው፤ ጥናቱ መጥቶ ሲሄድ እኔ ነኝ ከእነሱ ጋር የምቀረው።

ያረጀ ማይክሮስኮፕ፦

ተማሪው ጥሩ አነበበ። አልከራከርም፣ ፖሊስ ያለበት ቁጥር ብዙ ጊዜ አይቆይም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ካምቦዲያ አለችላችሁ። በ1998 ሲሃኑክቪል ላይ የታይላንዱን አሠራር ጀመሩ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ቅኝቱ ጥሩ ይሄድ ነበር። በ2008 የሰው ንግድን የሚከለክል ሕግ ወጣ፣ የወሲብ ንግድ ቤቶቹ ተዘጉ። ሴቶቹ ጠፉ? አልጠፉም። ካራኦኬ ቤት፣ ቢራ የሚጠጣበት የአትክልት ስፍራ፣ መታሻ ቤት ገቡ። በየዓመቱ ደም የሚወሰድበት ቤት ዝርዝር ግን በአንድ ሌሊት ዋጋ አጣ። ካራኦኬ ቤት ያለችው «አስተናጋጅ ነኝ» ትላለች፣ አስተናጋጅም ናት። አሁን ይኼን ወደ እኛ አምጪው፤ ባሕር ዳር ላይ በስልክና በቴሌግራም የምትሠራውን የትኛው ዝርዝር ላይ ታገኚያታለሽ? የኩፖኑ ነገር የመጣው ከዚህ ነው መሰለኝ።

ሌላው ምሳሌ ኮልካታ ነው፣ ሶናጋቺ የሚባለው ሰፈር። በ1992 ዶክተር ስማራጂት ጃና ሥራ ሲጀምር እንደ ማንኛውም ሐኪም ለጥናት ነበር የሄደው። ኋላ ግን ሴቶቹን ራሳቸውን አቻ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረ፣ በ1995 የራሳቸው ማኅበር አቋቋሙ፣ ዱርባር ይባላል። ክሊኒኩን እነሱ ያዙት። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ሳይቀር አላቸው። እዚያ ቆጣሪውም ተቆጣሪውም አንድ ሰፈር ናቸው። ይኼ ለእናንተ አቻ አስተማሪዎች ቅርብ ነው።

የቁጥር ሰው፦

ኩፖኑ የኔ ሙያ ነው፣ ልግባ። ስታቲስቲክስ ነው የማስተምረው።

ችግሩ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ለተራ ጥናት የቤት ዝርዝር ይዘሽ ዕጣ ታወጪያለሽ። በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ዝርዝር ግን የለም፣ ባይኖርም ይሻላል። ዳግላስ ሄካቶርን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1997 አንድ ዘዴ አወጣ፤ ኋላ ቬትናምም ቻይናም ኢንዶኔዥያም ተጠቀሙበት። ጥቂት ሴቶች መነሻ ሆነው ይመረጣሉ፣ «ዘር» ይባላሉ። ሆን ተብሎ የተለያዩ ናቸው፦ አንዷ ከትልቅ ሆቴል፣ አንዷ ከአረቄ ቤት፣ አንዷ በስልክ የምትሠራ፣ አንዷ ገና ልጅ፣ አንዷ ጠና ያለች። እያንዳንዷ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኩፖን ትቀበላለች። የመጡት ሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት። ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ መጀመሪያ ማን እንደተመረጠ ለውጥ አያመጣም፤ ሰንሰለቱ ከሰፈር ወጥቶ ከተማውን ይዞራል።

ለምን ሦስት ብቻ? አንዷ ተግባቢ ሴት ሰፈሯን ሁሉ ይዛ እንዳትመጣ ነው። ገንዘቡም የደም ዋጋ አይደለም። ጥናት ቢሮ ለመምጣት ባጃጅ ትከፍላለች፣ ያን ሰዓት ሥራ ታጣለች። ከበዛ ግን አደጋ አለው፤ በሥራው የሌለች ሴት ለገንዘቡ ብላ ትመጣለች። እዚህ ላይ በሩ ላይ አቻ አስተማሪ ቢቀመጥ ከማንም ዶክተር ይበልጣል፤ በሁለት ጥያቄ ያውቃታል።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን እህቶቻችን ይደነግጣሉ፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። «አንቺ የምታውቂያት፣ እሷም የምታውቅሽ፣ በዚህ ሥራ ያለች፣ ባለፈው ወር ያየሻት ስንት ሴት አለች?» ይባላሉ። ስም ልስጥ እንዴ ብለው ይነሳሉ። ስም አይጠየቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ምክንያቱም 50 ሰው የምታውቀው ሴት 5 ሰው ከምታውቀው ይልቅ ኩፖን የመድረስ ዕድሏ አስር እጥፍ ነው። ስለዚህ በስሌቱ ላይ የባለ 50ዋ ድምፅ ይቀነሳል፣ የባለ 5ቷ ይጨመራል። ቤቷ ዘግታ የምትሠራው፣ ጓደኛ የሌላት፣ በስብሰባ የማትታየው ሴት በዚህ ስሌት ብቻ ነው የምትታየው።

ድካሙንም ልናገር። ሰንሰለቱ የማይሻገርበት ቦታ አለ። ከአንድ አካባቢ የመጡ ሴቶች ከሌሎቹ ጋር ካልተዋወቁ ኩፖኑ እዚያው ይሽከረከራል። ሕንድ ውስጥ አቫሃን በሚባለው ትልቅ የኤች አይ ቪ መከላከያ ፕሮግራም የተሠሩ ጥናቶች ለዚህ ነው አንዱን ዘዴ ብቻ ያልያዙት፤ ሥራው በግልጽ በሚታይበት ከተማ የቦታና የሰዓት ካርታ አውጥተው ከዚያ ዕጣ ያወጣሉ፣ ሥራው በተደበቀበት ደግሞ ኩፖን።

ካርታውን ለመሥራት ማን እንደሚሻል አልነግርሽም። ቅዳሜ ገበያ ቀን ማታና ማክሰኞ ማታ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ያለው ሰው ልዩነት የሚታወቀው ለአንቺ ነው።

ሲስተር ሽምብጥ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! «የባለ 5ቷ ድምፅ ይጨመራል» ያልከውን ነገ ማታ ነው የምነግራቸው። አንድ ያልገባኝ፦ ስንት ሴት እንዳለ በምን ያውቃሉ? ከተማው ውስጥ ይህን ያህል ሺህ አሉ ብለው ይጽፋሉ። ማን ቆጠራቸው?

የቁጥር ሰው፦

እንበል አንቺ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ለየት ያለ ቁልፍ ማንጠልጠያ ለ600 ሴቶች ሰጠሽ፣ ለእያንዳንዷ አንድ ብቻ። ከወር በኋላ ጥናቱ ሲመጣ «ይኼ ደርሶሻል?» ተብለው ከመቶ 30ዎቹ አዎ ካሉ፣ 600ን ለ0.3 አካፍዪ። 2,000 ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። ማንጠልጠያውን ለእህቷ ያሳለፈች ካለች ስሌቱ ይበላሻል፣ ስለዚህ ስትሰጪ አደራ በያቸው።

ያረጀ ማይክሮስኮፕ፦

በዚሁ በቁጥር ነገር ላይ የሕንድ ታሪክ አለ። ሕንድ ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ ቅኝት ትሠራ ነበር፣ ከእርጉዝ እናቶችና ከተጋላጭ ሰዎች። ከዚያ ተነስተው በአገሩ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ቫይረሱ አለበት ይሉ ነበር። ከዚያ በ2005 እና 2006 በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ደም ሰጠ፤ በ2007 ግምቱ ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ግማሹ ተነነ ማለት ነው! በሽተኞቹ አልዳኑም፣ መጀመሪያውንም አልነበሩም። ጣና ላይ አባይ መውጫው ዘንድ ብቻ መረብ እየጣለ የሐይቁን ዓሣ ሁሉ ቆጠርኩ እንደሚል ሰው ሆነው ነበር፤ ጣቢያዎቹ የነበሩት በሽታው በሚበዛበት በመንግሥት ሆስፒታል ነውና።

ታዲያ ቅኝቱ ውሸት ነበር? አይደለም። እዚያው ቦታ በየዓመቱ ከጣልሽ ዓሣው እየበዛ ወይ እያነሰ መሆኑን በደንብ ያሳይሻል። ስንት እንደሆነ ግን አይነግርሽም። አሰልጣኞች ይኼን ልዩነት በስላይድ ላይ ባለመናገራቸው ነው ሁሌ የምናደደው።

አሁን ወደ ደሙ። ድሮ እንዲህ ነበር፦ እርጉዝ ሴት ክትትል ስትመጣ ለቂጥኝ ደም ይወሰዳል። የቂጥኙ ምርመራ ካለቀ በኋላ ከቱቦው የተረፈው ሴረም (የደሙ ውሃማ ክፍል) ስሙ ይፋቃል፣ ዕድሜና ቦታ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ለኤች አይ ቪ ይመረመራል። ማን እንደሆነች ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ማወቅ አይቻለኝም። እኛም አገር፣ እስያም በብዙ ቦታ እንዲህ ነበር። ያን ጊዜ ለሕዝቡ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ዛሬ መድኃኒቱ እያለ ውጤት ሳይነገር መሸኘት ነውር ነው። አሁን ፈጣን ምርመራው እዚያው ይሠራል፣ ውጤቱ የዚያኑ ቀን ይነገራታል፣ ከተገኘባት ወደ መድኃኒት ትሸኛለች። ይኼን የማያደርግ ጥናት ከመጣ ከሰፈርሽ አስወጪው።

ቂጥኝና ጨብጥ ለምን ተጨመረ ላልሽው፦ ኤች አይ ቪ ዘገምተኛ ነው። ዛሬ ከመቶ 15 ቢሆን ከነዚያ ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት የተያዙ ናቸው፤ መድኃኒት ወስደው በሕይወት ስለኖሩ ቁጥሩ ላይወርድ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ይኼ ጥሩ ዜና ነው፣ በግራፍ ላይ ግን መጥፎ ይመስላል። ጨብጥ ግን ቶሎ ይይዛል ቶሎም ይድናል። ኮንዶም መጠቀም ሲቀንስ ጨብጥ በወራት ውስጥ ይነግርሻል። ታይላንድ ከ1989 እስከ 1993 ድረስ በመንግሥት ክሊኒኮች የወንዶች የአባላዘር በሽታ በ79 ከመቶ ቀንሷል፤ ሴቶቹ «ኮንዶም እንጠቀማለን» ያሉት እውነት መሆኑ የታመነው በዚህ ነው። ሰው ላንቺ ደስ እንዲልሽ ብሎ ይመልሳል፤ ጨብጥ አያውቅሽም።

ለቂጥኝ ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ፣ ይኼን ለአቻ አስተማሪዎቹ አስረጂልኝ። አንደኛው አርፒአር ነው። አንቲጅኑ፣ ማለት የምርመራው ፈሳሽ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ቀዝቃዛነቱ ይለቅቀዋል፣ ካርድ ላይ ከሴረሙ ጋር ይቀላቀላል፣ በደቂቃ 100 ዙር ለስምንት ደቂቃ ይሽከረከራል። (መብራት ሲሄድ በእጅ ማሽከርከር ነበር፣ አሁን ጄኔሬተሩ ይሠራል ይላሉ።) ታክማ ስትድን ይኼኛው ይወርዳል። ሁለተኛው፣ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ግን አንዴ ቂጥኝ ከያዛት በኋላ ብትድንም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መርፌዋን የወሰደች ልጅ «አሁንም አለብኝ አሉኝ» ብላ እያለቀሰች ብትመጣ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጠይቂ። ቅኝትም በፈጣኑ ብቻ ከተሠራ የድሮ ቂጥኝ ሁሉ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ጨብጥና ክላሚዲያ ደግሞ በአብዛኛዎቹ ሴቶች ላይ ምልክት የላቸውም። ጤና ጣቢያ በምልክት ብቻ ነው የምታክሙት፤ ምልክት የሌላት አትመጣም፣ አትመዘገብም። ለዚህ ነው ጥናቶች በሽንት ወይ ራሷ በምትወስደው ናሙና የሚመረምሩት። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለእነዚህም ካርትሪጅ አለው።

ማን ነው ቆጣሪው፦

በዚህ ላይ አንድ ልጨምርና ልሂድ። የጨብጥ ቅኝት መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ለማየትም ነው። በምዕራብ ፓሲፊክ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1992 ጀምሮ ይኼንን ይከታተላል። በ2009 ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ በወሲብ ንግድ ከምትሠራ ሴት ጉሮሮ የተወሰደ ጨብጥ ሴፍትሪያክሶንን የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። እኛ የምንወጋው መርፌ እሱ ነው። ጉሮሮ! ማን ጉሮሮ ይመረምራል?

ሲስተር ሽምብጥ፦

ጉሮሮውስ ይቅር፣ ለሽንቱም ኩባያ ባገኘሁ። 😅

የመጨረሻ ጥያቄዬ። ልጆቹ «አሻራ ይወስዳሉ ወይ» ብለውኛል። ወሬ ነው?

የቁጥር ሰው፦

ወሬ ብቻ አይደለም፣ አንዳንድ ጥናት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይገባ አሻራውን ወደ ኮድ ይለውጣል፣ ምስሉ አይቀመጥም ይባላል። እኔ ግን አልወደውም። ሌላ መንገድ አለ፦ ከእናቷ ስም ሁለት ፊደል፣ ከተወለደችበት ቦታ ሁለት ፊደል፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ኮድ ይሠራላታል፤ እሷ ብቻ መልሳ ልትሠራው ትችላለች።

ያረጀ ማይክሮስኮፕ፦

ስለዚህ ለልጆቹ እንዲህ በያቸው። ኩፖኑ ላይ መኖር ያለበት ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም ካለበት አይቀበሉ። መታወቂያ ከጠየቃቸው ይውጡ። መግቢያው ላይ የሚነበብላቸው ወረቀት መሃል ላይ አቋርጠው መሄድ እንደሚችሉ፣ ቢሄዱም ከጤና ጣቢያ አገልግሎት ምንም እንደማይጎድልባቸው ካላለ፣ ለምን አላለም ብለው ይጠይቁ። ያቺ በኩፖን ሸጠችኝ ያለችውን ደግሞ በር ላይ አስቀምጪያት፣ ጥናቱ አቻ አስተማሪ ሲፈልግ ስሟን ስጪ። እንደዚያ ያለ ምላስ ነው የሚፈለገው።